በፎቶ የተናገርኩት ዋጋ

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ወዳጄ በቴሌግራም 4 ፎቶ ላከልኝ። የአባቱ የእጅ ሰዓት ነው። አባቱ ካረፉ 3 ዓመት ሆኗቸዋል። ከፎቶዎቹ ሥር አንድ መስመር ጽፏል። «ይሄ ስንት ያወጣል?»

እኔ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር እየተመለስኩ፣ አዲስ ዘመንን ገና ማለፋችን ነው። ፎቶዎቹን በጣቴ እየለጠጥኩ አየኋቸው። ሁለት ቁልፍ ያለው ክሮኖግራፍ፤ ሰዓት ከመቁጠሩ ሌላ በቁልፍ እየተነሣና እየቆመ ጊዜ የሚለካ። የስዊስ ሥራ። ነጭ ፊት፤ ዙሪያውን በቀይ የተጻፈ የልብ ትርታ መለኪያ። እንዲህ ያለ መለኪያ ያለው ሰዓት እንደ ልብ አይገኝም፤ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ፊቱ ላይ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ የለም። «በጣም ንጹሕ ነው። ከ90 እስከ 100 ሺህ ብር ያወጣል» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ስልኬን ኪሴ ከትቼ፣ መስኮቱን ተደግፌ ተኛሁ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያቺ ሁለት ደቂቃ ግን እስካሁን ትከነክነኛለች።

አሮጌ ሰዓት መውደድ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሰዓት ሠሪ አይደለሁም። እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ያልጨከንኩበትን አስቀምጣለሁ። የማውቃቸው ሰዎች የአባታቸው ወይም የአያታቸው ሰዓት ከሣጥን ሲወጣ ፎቶውን ለእኔ ይልካሉ። የሚጠይቁኝ ዋጋ ብቻ ነው። እኔም ዋጋ ብቻ መመለስ ለምጄ ነበር።

መቶ ሺህ

እኔ የጻፍኩት «ከ90 እስከ 100» ብዬ ነው። ቤት ሲደርስ መቶ ሺህ ሆነ። 90ው መንገድ ላይ ቀረ።

ወዳጄ ለእናቱ ነገራቸው። እናቱ ለእህቱ ነገሯት። እህቱ ቆርቆሮ ስንት እንደገባ ጠያየቀች። የእናትየው ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ያለፈው ክረምት ሳሎን ውስጥ ሦስት ባልዲ ተደርድሮ ነው ያለፈው። የጎንደርን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ብለው አናጺ አነጋገሩ። ቆርቆሮውን፣ ማገሩን፣ ሚስማሩን፣ የእጅ ዋጋውን ደመሩ። መቶ ሺህ አልሞላም። ትንሽ ይተርፋል ተባለ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ቅዳሜ ዕለት ሰዓቱን በእጄ ላየው ቤታቸው ስሄድ ነው። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ወዳጄ ጣሪያውን በጣቱ እያሳየ ነገረኝ። ደስ ብሎታል። እኔ ሆዴ ባባ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ከአፌም አላወጣሁትም፤ በአውራ ጣቴ ነው የጻፍኩት። እሱም አልመለስ አለኝ።

ታችኛውን ነው

ቤቱ ቀሐ ወንዝ አካባቢ ነው። እናትየው ቡና እያፈሉ ጠበቁን። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። ሰዓቱ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ፣ ድሮ መርፌ ይቀቀልበት በነበረ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሣጥኑን ራሳቸው ከቁም ሣጥን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ። ሁሌም ከቀፎው ነው የምጀምረው። ጀርባውን ገልብጬ ሳየው «ስቴይንለስ ስቲል ባክ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ሰዓቱ በሙሉ የማይዝግ ብረት ይመስለዋል። ጽሑፉ የሚለው ጀርባው ብቻ ነው። የቀረው ቀፎ ነሐስ ሆኖ ላዩ በክሮም የተለበጠ ነው። ማሰሪያው የሚገባባቸውን አራቱን ቀንዶች ከሥር አየኋቸው። ክሮሙ ተልጦ ቢጫው ነሐስ ብቅ ብሏል። ፎቶው ላይ ሙሉ ብረት ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። እዚህ ላይ ዋጋው መውረድ ጀመረ። ምንም አልተናገርኩም።

መስታወቱ ጭረት በጭረት ነው። ይሄ አላስደነገጠኝም። የዚያን ዘመን መስታወት አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ጭረቱ ጥልቅ ካልሆነ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ ይጠፋል። ባይጠፋም መለወጡ ከባድ አይደለም። ሰው ግን አሮጌ ሰዓት ሲያይ መጀመሪያ የሚያዝነው ለመስታወቱ ነው።

ከዚያ ሞላሁት። መሙያው ለስላሳ ነው፤ አይንሸራተትም። ግራ በኩል ያለችው ትንሿ ክብ ውስጥ የሰከንድ ቆጣሪዋ ወዲያው መዞር ጀመረች። ወዳጄ «ይሠራል አይደል?» አለኝ። ክሮኖግራፍ ላይ ይህ ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ነው። ሰዓት መቁጠሩ አንድ ነገር ነው። ጊዜ መለካቱ ሌላ። ውስጡ ሁለተኛ ሥራ አለ፤ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ ከዋናው ጋር ጥርስ ለጥርስ የሚገናኝ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ለዓመታት ሳይነካ ይቀመጥና ዘይቱ ይደርቃል። ሰዓቱ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ገዢ የሚከፍለው ደግሞ በአብዛኛው ለዚህ ለሁለተኛው ክፍል ነው።

የላይኛውን ቁልፍ ተጫንኩ። ረጅሟ ቆጣሪ መሄድ ጀመረች። መልሼ ስጫነው አልቆመችም። ደግሜ ተጫንኩ። አሁንም ትሄዳለች። አብዛኞቹ ክሮኖግራፎች በላይኛው ቁልፍ ይነሣሉ፣ በላይኛው ይቆማሉ። ታችኛው ወደ ዜሮ መመለሻ ነው። ስለዚህ በልቤ «ማቆሚያው ተበላሽቷል» ብዬ መዘገብኩ። ሌላ ቅናሽ።

«ታችኛውን ነው» አሉ ሲስተር። ጀበናውን ከከሰሉ እያነሡ ነው፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። «የላይኛው ማስነሻ ብቻ ነው። ታችኛውን አንዴ ስትጫነው ይቆማል። ስትደግመው ይመለሳል።»

ታችኛውን ተጫንኩ። ቆመች። ደገምኩት። ቀጥ ብላ 12 ላይ ተመለሰች፤ ቅንጣት አልሳተችም። በዚህ ዓይነት የሚሠራው ላንዴሮን 48 የሚባለው የሰዓት ውስጠኛ ማሽን ነው። ከእ.ኤ.አ. 1937 ጀምሮ እስከ 1970 ገደማ ብዙ የስዊስ ሰዓት ድርጅቶች እየገዙ በየራሳቸው ስም ያወጡት ነበር። ውድ ክሮኖግራፎች ቁልፎቹን የሚያዙት ኮለም ዊል በሚባል፣ እንደ ግንብ ዘውድ በተቀረጸ የብረት መዘውር ነው። ላንዴሮን ይህን ትቶ በቀላል የብረት ሳህን ተካው። በዚህ ምክንያት ረከሰ፤ በዚህም ምክንያት መምህርና ጤና መኮንን ሊገዛው ቻለ። ሰው ክሮኖግራፍ ሲባል ጨረቃ የረገጠውን ኦሜጋ ስፒድማስተር ያስባል። ይህኛው ሌላ ዓለም ነው፤ የሥራ ሰው ሰዓት።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ጀርባውን መክፈት ነበረብኝ። እሳቸው ግን ጀበና ይዘው ነገሩኝ። ጉድለት ብዬ የመዘገብኩትን ከልቤ ሰረዝኩ። ቁልፉን ስጭን ረጅሟ ቆጣሪ ወደ ኋላ አልዘለለችም። ደቂቃ በሞላ ቁጥር ቀኝ በኩል ያለችው ክብ አንድ አንድ ትቆጥራለች። አሥር ደቂቃ አስኬድኩት። ሰዓቱ አልደከመም። ደስ አለኝ። መቶ ሺህ ባይሆንም ያን ያህል አላፍርም ብዬ አሰብኩ።

30 ምት

ከዚያ ፊቱን አየሁት። በማጉያ። በፎቶ አይቼው ነበር፤ አልተመለከትኩትም።

ከ6 ቁጥር ሥር መኖር የነበረበት «ስዊስ መይድ» የሚለው ደቃቅ ጽሑፍ የለም። ሁለቱ ትንንሽ ክቦች ውስጥ እንደ ሸክላ ሠሪ ጣት አሻራ የሚዞሩ ቀጫጭን መስመሮች ይኖራሉ፤ እዚህ ግን በቀለም ተሞልተው ደብዝዘዋል። ቆጣሪዎቹ 60 ዓመት ያለፋቸው መሆኑ ያስታውቃል፤ ጫፋቸው ጠቁሯል። የተቀመጡበት ፊት ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። አብረው ያላረጁ ነገሮች ናቸው።

ፊቱ ታድሷል። ገባኝ። እንዴት እንደምናገረው እያሰብኩ ማጉያውን ከዓይኔ ሳላነሣ ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር ፊት ማየቱን ጨርሼ ነበር። የማየው ጠፍቶኝ ነው ያላነሣሁት።

«አንተ፣ እስቲ ወዲህ በለኝ» አሉ ሲስተር። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ሰዓቱን በግራ እጃቸው ያዙ፤ በቀኛቸው የእኔን እጅ ሳቡ። ሦስት ጣታቸው ከአውራ ጣቴ ሥር ባለው ደም ሥር ላይ አረፈ። ቦታውን አልፈለጉትም። ጣታቸው ያውቀዋል።

ስለ መለኪያው ትንሽ ልበል። ፊቱ ላይ «30 ምት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። የሕመምተኛውን እጅ ትይዛለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ፣ 30 ምት ትቆጥራለህ፣ ታቆማለህ። ረጅሟ ቆጣሪ የቆመችበት ቁጥር በደቂቃ የሚመታው የልብ ትርታ ነው። ማባዛት የለም፣ ደቂቃ መጠበቅ የለም። የወዳጄ አባት ጤና መኮንን ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተመርቀው፣ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። በር ላይ ሰልፍ ይዞ የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት ቦታ እያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ዋጋ አለው። ሲስተርም የተማሩት እዚያው ነው። ባልና ሚስት ሆነው በዚህ አንድ ሰዓት እየተዋዋሱ ሠርተዋል።

የላይኛውን ተጫኑ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ታችኛውን ተጫኑ። ቆጣሪዋ 24ኛው ሰከንድ ላይ ቆመች።

መነጽራቸውን አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«69 ይላል» አሉ።

«ጥሩ ነው እንግዲህ» አልኳቸው።

«ጥሩስ ጥሩ ነው። ግን 69 አይደለህም። በ24 ሰከንድ 30 ከመታ 75 ነው።» ሰዓቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት። «60ው የት ነው ያለው? ታች መሆን ነበረበት፤ 6 ቁጥር ላይ። 30 ምት በ30 ሰከንድ 60 ነው። ልጅም ያውቀዋል።»

60ው 28ኛው ሰከንድ ላይ ነበር። እኔም አየሁት። 90 ከ20ኛው ሰከንድ፣ 120 ከ15ኛው ሰከንድ ጋር መገናኘት ነበረባቸው። ሁሉም ሁለት ሁለት ሰከንድ ቀድመዋል። ያሳተመው ሰው መለኪያውን ትንሽ አዙሮ ነው ያስቀመጠው። ለዓይን ያምራል። ለሕመምተኛ ግን ውሸት ይናገራል። በላከልኝ አራት ፎቶ ላይ ሁሉ ይህ ስሕተት ነበረ። እኔ ያየሁት ንጽሕናውን ነው።

«ይሄ የአባትህ ሰዓት ፊት አይደለም» አሉ ልጃቸውን እያዩ።

ወዳጄ ሲኒውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። በ2001 ዓ.ም. ሥራ እንደ ያዘ፣ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ለፋሲካ አባቱን ሊያስደስት ፈለገ። ሰዓቱ ቢጫ ሆኖ ነበር። ፊቱ ላይ ውሃ የገባበት ቡናማ ነጠብጣብ ነበረው፤ ከቀዩ መለኪያ ላይ ጥቂት ቁጥሮች ደብዝዘዋል። ሰርቪስ ላስደርገው ብሎ ወስዶ አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ሰጠው። «ፊቱን እንደ አዲስ አድርግልኝ» ያለው ራሱ ነው። ሰውየው የታዘዘውን ሠራ። አባቱ ሲቀበሉት ግንባሩን ስመው መረቁት።

ሲስተር ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ እንዲህ አሉ። «ለካ ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ 30 መቁጠር ትቶ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ ሙሉ ደቂቃ ይዞ ነበር የሚቆጥረው። ምነው ስለው ‹ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ› ይለኛል። እኔ ደግሞ እርጅና ነው እላለሁ።»

«ለምን አልነገረኝም?» አለ ወዳጄ።

«ምን ብሎ ይንገርህ፣ የኔ ዓለም።»

መታደስ

እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ባይናገሩት እኔ እናገረው ነበር ወይ? እናገረው ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን እንዴት? «ፊቱ ታድሷል፣ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል» እል ነበር። ልክ ነኝ። አባቱ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥሩ እንደነበር ግን አላውቅም ነበር። ወዳጄም የሚሰማው ስጦታው ጣሪያውን እንዳሳጣው ብቻ ይሆን ነበር።

በእኛ ቋንቋ መታደስ ክፉ ትርጉም የለውም። መታወቂያ ይታደሳል። ቤት ይታደሳል። ኪዳን ይታደሳል። ዕቃ የሚሸጥ ሰው «የታደሰ ነው» ሲልህ ጨምር ማለቱ ነው። አሮጌ ሰዓት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፊት ሲታደስ አሮጌው ቀለምና ጽሑፍ ታጥቦ ይነሣል፤ ሳህኑ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ተቀብቶ ይታተማል። የመጀመሪያው ፊት ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የለም። ማሽን ይጠገናል። መስታወት ይለወጣል። የውስጡ ሞላ (ስፕሪንግ) ይገዛል። ፊት ግን አንዴ ከታጠበ አይመለስም። ሰብሳቢ ቢጫውን፣ ነጠብጣቡን፣ የደበዘዘውን ቁጥር ይዞ ቢከፍል ይሻለዋል የሚባለው ለዚህ ነው። በዚህ እስማማለሁ። ቀፎ መወልወልም ያው ነው። ስለታም የነበረው ጠርዝ ሲድቦለቦል ብረቱ ተቆርጦ ሄዷል።

ግን ይህን የሚያውቀው ማን ነው? የምንሰበስበው እኛ ነን። የሥራ ሰዓት ለያዘ ሰው ፊት ማሳደስ ሰርቪስ ነበር፤ ሰዓት ሠሪዎችም እንደ አንድ ሥራ ይቀበሉት ነበር። ጫማ እንደማስጠገን ነው። ልጁ የተሳሳተው ነገር የለም። ያደሰው ሰውም አላጭበረበረም፤ ሁለት ሰከንድ ተሳሳተ እንጂ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ አስባለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኔ «ማን ያዘው? በምን ሠራበት? ማን ነካው?» ብዬ ሳልጠይቅ ነው ቁጥር የጻፍኩት። ሦስቱንም የሚመልሱልኝ ሰዎች ደግሞ ሕያው ናቸው፤ እናት ጀበናቸውን፣ ልጅ ሲኒውን ይዘው እዚያው ተቀምጠዋል።

ከቤት ስንወጣ ወዳጄ ሸኘኝ። ወደ ፒያሳ አብረን ነው የወጣነው። የፋሲል ግቢ አጥር እስኪታየን ድረስ አልተናገረም። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ባላሳድሰው ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር?»

ልዋሸው አስቤ ነበር። «ብዙም ለውጥ የለውም» ማለት ቀላል ነው። ግን በዚህ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ያላየሁትን ተናግሬአለሁ። ሁለተኛ ጊዜ የማላምነውን ልናገር አልቻልኩም። «ክሮም ለበጥ ነው፤ ስለዚህ መቶ አይገባም ነበር። 70 ወይ 75 ሺህ» አልኩት።

«አሁንስ?»

«ከ35 እስከ 40።» ቀጥዬም «35 ብለህ ያዝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። የአጥሩን ጥግ ይዘን ወረድን።

ወረቀቱ

ሰኞ ዕለት ፒያሳ ያለ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ወስደን ጀርባውን አስከፈትነው። ማሽኑ እንደገመትነው ላንዴሮን 48 ነው። ዝገት የለበትም። የጀርባው ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ ሰዓት ሠሪዎች በመርፌ የጫሩት ምልክት አለ። ሰርቪስ ያደረጉ ሰዎች በየጊዜው የሚተዉት ነው። አምስት ቆጠርን። ሰዓቱ በባለቤቱ እጅ ተንከባካቢ እንደነበረው ይህ ከየትኛውም ቃል በላይ ይመሰክራል፤ ለገዢም አሳየዋለሁ ብዬ ፎቶ አነሣሁት። ሰዓት ሠሪው ዘይቱን አድሶ፣ መስታወቱን አሽቶ፣ በሳምንቱ መለሰልን።

ወዳጄ አንሽጠው ማለት ጀምሮ ነበር። እናቱ አልሰሙትም። «አባትህ ሰዓቱ ውስጥ የለም። ዝናቡ ግን እየመጣ ነው» አሉት። ስለዚህ ለገዢ የሚሰጥ ወረቀት እንጻፍ ተባባልን። ይህንንም ያሉት እሳቸው ናቸው። ሕመምተኛ ሲላክ የሚጻፍለትን ወረቀት ዓይነት ነው የፈለጉት፦ ያለው ሁሉ ይጻፍ፣ የሌለው አይጻፍ።

ቀፎው ክሮም ለበጥ፣ ከሥር የተላጠ። ጀርባው የማይዝግ ብረት። ማሽኑ ላንዴሮን 48፣ ዘንድሮ ሰርቪስ የተደረገ። በላይኛው ቁልፍ ይነሣል፤ በታችኛው ይቆማል፣ ይመለሳል። እዚህ ድረስ አልተከራከርንም። ፊቱ ላይ ስንደርስ እኔ «ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። ወዳጄ ብዕሩን ተቀብሎኝ ሰረዘውና «የታደሰ» ብሎ ጻፈ። ጉድለት የምትለው ቃል እንደጎዳችው አየሁ። ሲስተር ሁለቱንም አነበቡ። ሁለቱንም አልወደዱም።

«የእሱ ጉድለት ነው ይላል። ያንተ ደግሞ ደህና ነው ይላል» አሉ። «የሆነውን ጻፉት። ፊቱ በ2001 እንደገና ተቀብቷል። የትርታ መለኪያው 2 ሰከንድ ይስታል። በቃ።»

እንደዚያው ጻፍነው። በወዳጄ የእጅ ጽሑፍ።

ሰኔ ሳይጋመስ አንድ ወጣት አዘዞ ከሚሠራበት ቦታ ድረስ መጣ። ሰብሳቢ አይደለም፤ አያቱ እንዲህ ያለ ሰዓት ነበራቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። የላይኛውን ተጫነ፣ ታችኛውን ተጫነ። የተጫረውን ጀርባ በፎቶ አሳየሁት፤ ምልክቶቹን ቆጠረ። 38 ሺህ ተስማማን። ከቆርቆሮው ዋጋ የጎደለውን ወዳጄ ከዕቁቡ ሞልቶታል። አናጺውም ያኔ ጣሪያው ላይ ነበር፤ እኛ ስናወራ መዶሻው ይሰማል።

ወጣቱ ብሩን ከላከ በኋላ ሰዓቱን እጁ ላይ አስሮ ወረቀቱን መልሶ አየ። ጣቱን «2 ሰከንድ ይስታል» የሚለው ላይ አሳረፈ።

«እና ትርታ ልለካበት ብፈልግ እንዴት ነው የማደርገው?» አለ።

እኔ ስለ ሰከንዱ ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ወዳጄ ቀደመኝ።

«ሙሉ ደቂቃ ቁጠር» አለው።